የሚጠቀለል ሜዳ፦ ለሶፍትቦል ወርዋሪዎች ስለሚሠራው ተንቀሳቃሽ የመለማመጃ ዕቃ

ማናቸውም ዕቃ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሲታይ አሠራሩ ቀላል ይመስላል። በአሜሪካ የስፖርት ዕቃ መሸጫዎች ውስጥ ለሶፍትቦል ወርዋሪዎች ተብሎ የሚሸጠውም የመለማመጃ ዕቃ እንደዚሁ ነው፤ ለሚያየው ሰው የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ በከረጢት የገባ መረብ፣ ጥቂት ቱቦና ሲባጎ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ዕቃ ከሠሪው እጅ ወጥቶ ከተጠቃሚዋ ልጅ እጅ እስኪደርስ ድረስ የተደከመበት ሐሳብ፣ የሚከፈልበት የማጓጓዣ ኪራይና የሚያስከትለው ትርፍ ወይም ኪሣራ፣ ጨዋታውን ለማያውቀው አስመጪና ባለሱቅ እንኳ ብዙ የሚያስተምረው ነገር አለ። ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ይህ ነው፤ ተንቀሳቃሽ ዕቃ መሥራት ማለት ትልቁን ዕቃ ማሳነስ ማለት ሳይሆን፣ የትኛው ክፍል የግድ አብሮ መሄድ እንዳለበትና የትኛው ሊቀር እንደሚችል ለይቶ መቁረጥ ማለት ነው። በዚህ አቆራረጥ ላይ የሚደረግ ስሕተት ልጂቱን በትከሻዋ፣ ወላጆቿን በገንዘባቸው፣ ነጋዴውንም ተመላሽ በሚሆንበት ዕቃ ያስከፍላል።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውና ገበያው

ሶፍትቦል የቤዝቦል ታናሽ እህት ነው ቢባል ያስኬዳል። ታሪኩ እንደሚነግረን፣ በ1887 በአሜሪካውያን የምስጋና በዓል ዕለት በቺካጎ ከተማ ፋራገት በተባለው የጀልባ ክበብ አዳራሽ ውስጥ ጆርጅ ሃንኮክ የተባለ ሰው የቦክስ ጓንት አስሮ ኳስ በማድረግና የመጥረጊያ እንጨት መምቻ በማድረግ ጨዋታውን አስጀመረ። እንግዲህ ይህ ጨዋታ ከልደቱ ጀምሮ በእጅ በተገኘ ዕቃ፣ በጠባብ ስፍራ የተጀመረ ነው ማለት ነው። ሶፍትቦል የሚለውን ስም በ1926 ያቀረበው ዋልተር ሃካንሰን ሲሆን፣ የአሜሪካ የአማተር ሶፍትቦል ማኅበር በ1933 ተቋቋመ።

ገበያውን ያሰፋው ግን ሕግ ነው። በ1972 በአሜሪካ የወጣው የትምህርት ሕግ፣ ከፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሁሉ በጾታ ምክንያት ልዩነት እንዳያደርግ ስለ ከለከለ፣ ትምህርት ቤቶች ለወንዶች ልጆች የስፖርት ቡድን እንዳቋቋሙ ሁሉ ለሴቶች ልጆችም ማቋቋም ግድ ሆነባቸው። ከዚህም የተነሣ የፈጣን ውርወራ ሶፍትቦል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና በኮሌጆች ተስፋፋ። የብሔራዊ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር የመጀመሪያውን የሴቶች ሶፍትቦል ሻምፒዮና ያካሄደው በ1982 ነው። በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ጨዋታው ተጨምሮ የአሜሪካ ሴቶች የወርቅ ሜዳይ አገኙ፤ በ2000ና በ2004ም ደገሙት። በ2008ና በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ደግሞ ድሉ የጃፓን ሆነ። በ2028 ለሚደረገው የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክም ጨዋታው በፕሮግራሙ ውስጥ ገብቷል።

በዚህ ጨዋታ ከባዱን ሸክም የምትሸከመው ወርዋሪዋ ናት። ወርዋሪዋ ክንዷን እንደ ነፋስ ወፍጮ ክንፍ አንድ ሙሉ ዙር አዙራ፣ ኳሱን ከዳሌዋ አጠገብ ከታች ወደ ላይ ትለቀዋለች። በቤዝቦል ወርዋሪው ከፍ ካለ የዐፈር ጉብታ ላይ ሆኖ ሲወረውር፣ በሶፍትቦል ግን ወርዋሪዋ የምትቆመው በደልዳላ መሬት ላይ ነው። ከእግሯ በታች ያለው 61 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 15 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው የጎማ ሰሌዳ ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ መስሎ ቢታይም፣ ለዕቃ ሠሪው ትልቅ በር የከፈተለት እርሱ ነው። ጉብታ ተሸክሞ መሄድ አድካሚ ነው፤ ሰሌዳ ግን በብብት ሥር ይያዛል።

ዕቃው የተፈለገበት ምክንያት

አንዲት ልጅ በደንብ መወርወርን የምትማረው በሳምንት ሁለት ቀን ከቡድኗ ጋር ሜዳ በመውጣት ብቻ አይደለም፤ በየጊዜው ብቻዋን ጥቂት ጥቂት መወርወር ይኖርባታል። ሜዳው ግን ሁልጊዜ አይገኝም። በሰሜናዊዎቹ የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር ክረምቱ በረዶ ስለሆነ ልምምዱ የሚጀመረው በትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ፣ በእንጨት ወለል ላይ ነው። በበጋ ደግሞ ቡድኖቹ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ ቅዳሜና እሑድ ስለሚጋጠሙ፣ ወርዋሪዋ ሰውነቷን የምታሟሙቀው በሜዳው ዳር በሣር ላይ ወይም በመኪና ማቆሚያ አስፋልት ላይ ነው። የቀረውን ቀን በቤቷ ጓሮ ትለማመዳለች።

ኳሱን የሚቀበላት ሰውም ያስፈልጋል። ይህን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው አባት ወይም እናት ነው። የኳስ መያዣውን ባልዲ ክዳኑ ላይ ስፖንጅ አድርገው እንደ በርጩማ ይቀመጡበታል። ልጅቱ የ10 ዓመት ሳለች ነገሩ ጨዋታ ነው። እያደገች ስትሄድ ግን የኳሱ ፍጥነት ይጨምራል፤ በኮሌጅ ደረጃ ያሉት ጠንካራ ወርዋሪዎች በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይወረውራሉ። የኮሌጅና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሴቶች የሚወረውሩበት ርቀት 43 ጫማ፣ ማለት 13.1 ሜትር ነው፤ በዚህ ፍጥነት ኳሱ ርቀቱን ለመጨረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። ከመቀበያዋ ሰሌዳ ፊት ለፊት መሬት ነክቶ የነጠረ ኳስ የአባትን ቅልጥም ይመታል፤ አንዳንዱም ፊት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ተንቀሳቃሹ መረብ የተፈለገው ለምቾት ብቻ ሳይሆን የወላጅን ገላ ለማዳንና ልጅቱም ሰው ሳትጠብቅ እንድትለማመድ ለማድረግ ነው።

ሠሪው ሊያስታውሰው የሚገባው ሌላም ነገር አለ። ርቀቱና ኳሱ እንደ ዕድሜው ይለያያሉ። ከ12 ዓመት በታች ያሉት በ40 ጫማ፣ ማለት በ12.2 ሜትር፣ ከ10 ዓመት በታች ያሉት ደግሞ በ35 ጫማ፣ ማለት በ10.7 ሜትር ይወረውራሉ። የታናናሾቹ ኳስ ዙሪያው 28 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የታላላቆቹ 30 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ለአንድ ዕድሜ ብቻ የተሠራ ዕቃ በሁለት ዓመት ውስጥ ከጋራዥ ጥግ ይጣላል፤ ወላጁም ያንን የሸጠለትን ሱቅ ተመልሶ አይጎበኝም።

ምንጣፉ

ከዕቃዎቹ ሁሉ ቀላል የሚመስለውና በእርግጥ ግን አስቸጋሪው ምንጣፉ ነው። ወርዋሪዋ ወደ ፊት ስትወነጨፍ እግሯ ሰሌዳውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። በሜዳ ላይ ሰሌዳው በመሬት ውስጥ ስለ ተቀበረ አይነቃነቅም። በሣር ወይም በእንጨት ወለል ላይ የተቀመጠ ቀጭን የጎማ ሰሌዳ ግን ይንሸራተታል። ሰሌዳው አንድ ጊዜ የከዳት ልጅ ሁለተኛ በሙሉ ኀይሏ አትገፋም፤ ሳታውቀው እርምጃዋን ታሳጥራለች፤ ይህም ልማድ ይሆንባትና በጨዋታ ቀን አብሯት ሜዳ ይገባል። ለመለማመድ የተገዛው ዕቃ ስሕተትን አስተማሪ ሆነ ማለት ነው።

ለዚህ ሦስት መፍትሔዎች አሉ። የመጀመሪያው ከሰሌዳው ሥር ሚስማር ወይም ካስማ አድርጎ በመሬት ውስጥ መትከል ነው፤ ይህ በሣርና በዐፈር ላይ መልካም ሲሆን በአስፋልትና በአዳራሽ ወለል ላይ ግን ከቶ አይሆንም። ሁለተኛው ዕቃውን ማክበድ ነው፤ ነገር ግን የ12 ዓመት ልጅ ልትሸከመው የማትችለው ዕቃ ተንቀሳቃሽ ሊባል አይችልም። ሦስተኛው ምንጣፉን ማስረዘም ነው። ወርዋሪዋ በምንጣፉ ላይ ቆማ በምትገፋበት ጊዜ የገዛ ክብደቷ ምንጣፉን ወደ ወለሉ ይጫነዋል፤ የታችኛው ጎማ ከወለሉ ጋር ያለው ሰበቃም መንሸራተቱን ይከለክላል። እንግዲህ ዕቃው የሚያስፈልገውን ክብደት ከፋብሪካ ይዞ መምጣት የለበትም፤ ከተጠቃሚዋ ይበደረዋል። በዚህ ምክንያት ብዙዎቹ ጥሩ ምንጣፎች 3 ሜትር ያህል ርዝመት አላቸው። እንዲህ ያለው ርዝመት ለሰሌዳው፣ ለእርምጃዋና ለሚያርፈው እግሯ ይበቃል።

በምንጣፉ መካከል ከሰሌዳው ወደ ፊት የሚሄድ ቀጥ ያለ መስመር ይደረግበታል። ልጅቱ ስታርፍ እግሯ ከመስመሩ ምን ያህል እንደ ወጣ በዓይኗ አይታ ራሷን ታርማለች፤ አሠልጣኝ በማይገኝበት ቀን መስመሩ የአሠልጣኝን ሥራ በከፊል ይሠራል።

ከዚህ ሌላ ሁለት ጥቃቅን ነገሮች ጥሩውን ምንጣፍ ከመጥፎው ይለያሉ። ወርዋሪዋ ከገፋች በኋላ የኋላ እግሯን ጣት እየጎተተች ወደ ፊት ትሄዳለች። የጫማዋ አፍንጫ ቶሎ ስለሚያልቅ ለእርሱ ብቻ የሚሆን የጫማ አፍንጫ መከላከያ ይሸጣል። እንደዚሁም ምንጣፉ ሁልጊዜ በዚያው በአንዱ ስፍራ ይላጣል። ይህን አስቀድሞ ያሰበ ሠሪ ያንን ክፍል የሚነሣና የሚለወጥ አድርጎ ይሠራዋል፤ ለደንበኛው ሙሉ ምንጣፍ ከመግዛት ያድነዋል፣ ለባለሱቁም የመለዋወጫ ገበያ ይፈጥርለታል። ሁለተኛው የአጠቃለል ነገር ነው። ሣሩ ወደ ውስጥ ሆኖ የተጠቀለለ ምንጣፍ ሲዘረጋ ጫፎቹ ወደ ላይ እየተቆለመሙ እግር ያሰናክላሉ፤ ሣሩ ወደ ውጭ ሆኖ ሲጠቀለል ግን ጫፎቹ ወደ መሬት ተጭነው ይተኛሉ። ይህን ለማድረግ አንድ ሳንቲም ወጪ አይጠይቅም፤ ማሰብ ብቻ ይበቃል።

ለአዳራሽ የሚሆነው ምንጣፍ ጎማው በወለል ላይ ጥቁር ምልክት የማይተው መሆን አለበት። በወለሉ ላይ ምልክት የተወ ምንጣፍ በትምህርት ቤቱ ኀላፊ አንድ ቀን ከታገደ፣ ከዚያ በኋላ በዚያ ትምህርት ቤት ገዢ አያገኝም።

መረቡና ክልሉ

የኳሱ ክብደት 190 ግራም ያህል ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሚይዘው ጉልበት 7 ኪሎ ግራም ተኩል ክብደት ከ1 ሜትር ከፍታ ላይ ሲወድቅ ከሚያሳርፈው ጋር ይተካከላል። ይህን ጉልበት መረቡ መቀበል አለበት፤ አቀባበሉም በሁለት ዓይነት ይሆናል። ተወጥሮ የተሰቀለ መረብ ኳሱን መልሶ ያስፈነጥረዋል፤ ላላ ብሎ የተሰቀለ መረብ ግን እየተገፋ ኳሱን አብርዶ ከሥሩ ይጥለዋል። ገዢው በሱቅ ውስጥ የተወጠረውን ሲያይ ጠንካራ ይመስለዋል፤ ልጅቱ ግን የምትፈልገው የላላውን ነው። ሻጩ ይህን ማስረዳት ካልቻለ፣ ደንበኛው በመጀመሪያው ቀን ኳሱ ሲመለስበት ዕቃውን ይዞት ይመጣል።

የመረቡ ዘንጎች ከብረት፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከፋይበርግላስ ይሠራሉ። ብረት ርካሽና ጠንካራ ሲሆን ይከብዳል፣ ቀለሙም ሲላጥ ይዝጋል። አሉሚኒየም ይቀላል፤ ነገር ግን ኳስ ሲመታው ይጎደጉዳል፣ የጎደጎደም ቱቦ በሌላው ቱቦ ውስጥ አይገባም። ፋይበርግላስ እንደ ቀስት ተለምጦ ይመለሳል፤ መረቡንም ያለ ብዙ መገጣጠሚያ ይወጥረዋል። በየትኛውም ቢሠራ ዕቃው ቀድሞ የሚበላሸው በመገጣጠሚያው ላይ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የታሰበ መገጣጠሚያ በጥድፊያ ሲነቀል ይሰበራል። ልጅቱ ዕቃውን የምትተክለው ከጨዋታ በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች፣ ምናልባትም ዝናብ እየጣለባት መሆኑን ሠሪው መዘንጋት የለበትም።

ነፋስ የመረብ ጠላት ነው። ቀላል መረብ በነፋስ ይወድቃል፤ ከባድ መረብ ደግሞ ለጉዞ አይመችም። እዚህም ላይ ክብደትን መበደር መፍትሔ ሆኗል። ከመረቡ ጋር ባዶ ከረጢቶች ይሸጣሉ፤ ገዢውም በቤቱ አሸዋ ሞልቶ በእግሮቹ ላይ ይጭንባቸዋል። አሸዋ በሁሉ አገር አለና ከባሕር ማዶ ኪራይ ከፍሎ ማስመጣት አያስፈልግም።

ወርዋሪዋ ኳሱን መረብ ውስጥ መክተቷ ብቻ አይበቃም፤ ወደ ትክክለኛው ክልል መወርወሯን ማወቅ አለባት። ይህ ክልል ወርዱ የመቺዋ ሰሌዳ ወርድ ሲሆን፣ ከፍታው ከመቺዋ ጉልበት እስከ ብብቷ ነው። ይህን በሲባጎ የማሳየቱ ሐሳብ የቆየ ነው፤ ብራንች ሪኪ የተባለው የቤዝቦል ቡድን መሪ የብሩክሊን ዶጀርስን ወርዋሪዎች በፍሎሪዳ በሁለት ዘንጎች መካከል በተወጠረ ሲባጎ ያለማምድ ነበር። ሲባጎ ርካሽ ነው፤ ይጠቀለላል፤ ወደ ላይና ወደ ታች እየተንሸራተተ ለ10 ዓመቷም ለ18 ዓመቷም ልጅ ይስተካከላል።

ነገር ግን አንዳንድ ሠሪዎች የሚሳሳቱበት ስሌት አለ። የመቺዋ ሰሌዳ ወርዱ 43 ሴንቲ ሜትር ነው። በጨዋታው ሕግ ግን ኳሱ በከፊል እንኳ የሰሌዳውን ጠርዝ ካለፈበት ውርወራው ትክክለኛ ነው። የትልቁ ኳስ ስፋት 9.7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ በቀኝና በግራ ጠርዙን ነክቶ የሚያልፈው ኳስ ሁሉ እንዲቆጠር ከተፈለገ በዘንጎቹ መካከል ያለው ስፋት 62 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል መሆን ይኖርበታል። 43 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ መስኮት ልጅቱ በትክክል የወረወረችውን ጥሩ ኳስ እንደ ስሕተት ይቆጥርባታል። ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቷ የተነቀፈች ልጅ ደግሞ ኳሱን ወደ መካከል ማምጣት ትጀምራለች፤ ወደ መካከል የመጣ ኳስ መቺዋ የምትፈልገው ኳስ ነው።

በእጅ የሚያዘው ዕቃ

ከሁሉ የሚያንሰው ዕቃ ምናልባት ከሁሉ የሚጠቅመው ነው። የሶፍትቦል ወርዋሪ ኀይሏ በፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ኳሱ በሚሽከረከርበት አኳኋን ነው። ወደ ኋላ የሚሽከረከረው ኳስ ሲቀርብ መቺዋን ከፍ ያለ መስሎ ያታልላታል፤ ወደ ፊት የሚሽከረከረው ከሰሌዳው ላይ ሲደርስ ይወርዳል፤ ወደ ጎን የሚሽከረከረው ይታጠፋል። ይህን ሽክርክሪት ለመማር 13 ሜትር አያስፈልግም፤ 3 ወይም 4 ሜትር ይበቃል።

ለዚህ የሚያገለግሉት ግማሹ በአንድ፣ ግማሹ በሌላ ቀለም የተቀባ ኳስ ወይም ሁለት ወገኑ የተቆረጠ፣ ጠፍጣፋ መንኰራኵር የሚመስል ኳስ ናቸው። አሽከረካከሩ ትክክል የሆነ እንደሆነ መስመሩ ጸጥ ብሎ ይታያል፤ ትክክል ያልሆነ እንደሆነ ይንቀጠቀጣል። ልጅቱ ዕቃውን እንዳየች ስሕተቷን ታውቃለች። ከመኝታ ቤት እስከ ሆቴል አዳራሽ ድረስ የሚያገለግለው ይህ ትንሽ ዕቃ ሜዳውን በሙሉ በቤት ትቶ ቁም ነገሩን ብቻ ይዞ የሚሄድ ስለሆነ፣ በላይ የተነገረውን ሐሳብ ከሁሉ ይልቅ ይገልጸዋል።

ትከሻ

ከታች ወደ ላይ መወርወር ከተፈጥሮ ጋር የሚስማማ ስለሆነ ክንድን አይጎዳም የሚል እምነት ለብዙ ዘመን ቆይቷል። በ1996 ኦሊምፒክ በተወዳደሩ ወርዋሪዎች ላይ የተደረገ ምርምር ግን በትከሻቸው ላይ የሚያርፈው ኀይል በቤዝቦል ወርዋሪዎች ላይ ከሚያርፈው ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አሳይቷል። በ2008 በቤይጂንግ ኦሊምፒክ የጃፓኗ ዩኪኮ ኡኤኖ በሁለት ቀን ውስጥ በሦስት ጨዋታዎች 413 ኳስ ወርውራ አገሯን ለወርቅ አበቃች፤ ዓለም አደነቃት። ነገር ግን እርሷ ለዚያ የደረሰችው የበሰለች አትሌት ሆና ነው፤ ይህ ለ12 ዓመት ልጅ መመዘኛ ሊሆን አይገባም።

ተንቀሳቃሽ ዕቃ ደግሞ ልምምድን የሚያበዛ ነው። አባት በባልዲው ላይ ተቀምጦ በሚቀበልበት ዘመን አባት ሲደክመው ልምምዱ ያበቃ ነበር፤ መረብ ግን አይደክመውም። ስለዚህ ኀላፊነት የሚሰማው ሠሪ ከዕቃው ጋር ስንት ኳስ ተወርውሮ መቆም እንዳለበት የሚገልጽ መምሪያ ወረቀት ያደርጋል፤ ሻጩም ለወላጁ ዕረፍት እንደሚያስፈልግ ይነግረዋል። በማስታወቂያ ላይ ዕቃውን በመግዛት ብቻ ፍጥነት እንደሚጨምር ተስፋ መስጠት ለአንድ ወቅት ሽያጭ ይጠቅም ይሆናል፤ ልጅቱ ትከሻዋን ታማ ስትቀመጥ ግን ደንበኛም አብሮ ይቀራል።

የማጓጓዣው ሂሳብ

አሁን ወደ ነጋዴው ሂሳብ እንመለስ። በአየር የሚጓዝ ዕቃ ኪራይ የሚከፈልበት በሚዛን ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ በሚይዘው ቦታም ነው። የፈጣን መልእክት አጓጓዦች ብዙውን ጊዜ የሳጥኑን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ5,000 ያካፍሉታል፤ በተለመደው የአየር ጭነት ደግሞ ለ6,000 ይካፈላል። የተገኘው ቁጥር ከሚዛኑ ክብደት ከበለጠ፣ የሚከፈለው በእርሱ ነው። በአሜሪካ ውስጥ ዩ.ፒ.ኤስ.ና ፌዴክስ የተባሉት ሁለቱ ታላላቅ አጓጓዦች ይህን አቆጣጠር ከ2015 መግቢያ ጀምሮ በየብስ በሚላከው ጥቅል ሁሉ ላይ አደረጉት፤ ከዚያ በፊት በየብስ ይሠራበት የነበረው በትላልቅ ጥቅሎች ላይ ብቻ ነበር። በመርከብ ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ተቀላቅሎ የሚጫነውም ቢሆን አንድ ሜትር ኩብ ከአንድ ቶን ጋር ተነጻጽሮ በሚበልጠው ይታሰባል።

ለምሳሌ ያህል፣ ርዝመቱም ቁመቱም 150 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በብየዳ የተያያዘ የመረብ ዘንግ በ10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ታሽጎ ይላክ እንበል። 150 በ150 በ10 ሲባዛ 225,000 ይሆናል፤ ለ5,000 ሲካፈል 45 ነው። ዕቃው በሚዛን 8 ኪሎ ግራም ቢመዝን እንኳ ላኪው የሚከፍለው የ45 ኪሎ ግራም ኪራይ ነው። ያው መረብ ተፈትቶና ታጥፎ 100 በ20 በ15 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሳጥን ቢገባ ስሌቱ 6 ይሆናል፤ ክፍያውም በሚዛኑ በ8 ኪሎ ግራም ይታሰባል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ልዩነት የመጣው ከሁለት ወይም ከሦስት መገጣጠሚያዎች ነው። 90 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ምንጣፍ ተጠቅልሎ በ90 በ30 በ30 ሳጥን ቢታሸግ ደግሞ 16 ኪሎ ግራም ያህል ይታሰብበታል፤ ስለዚህ ለምንጣፉ በወርዱ ላይ የሚቀነሰው እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ኪራይ ይቀንሳል።

ከዚህ እንደሚታየው፣ ለልጅቱ የመኪና ዕቃ ማስቀመጫ የሚመቸው ዕቃ ለነጋዴውም መጋዘን የሚመች ነው። ብዙ ጊዜ የገዢና የሻጭ ጥቅም ይለያያል፤ በተንቀሳቃሽ ዕቃ ላይ ግን ሁለቱ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ። ደግሞም ሽያጩ ወቅት ያለው መሆኑን መርሳት አይገባም። ልምምድ በክረምቱ በአዳራሽ ስለሚጀመር፣ ለበጋው ጨዋታ የታሰበ ዕቃ ከበጋው ወራት በፊት በመደርደሪያ ላይ መገኘት አለበት፤ ዘግይቶ የደረሰ ዕቃ በመጋዘን ውስጥ አንድ ዓመት ይከርማል።

ሕግና ጥንቃቄ

ለአሜሪካ ገበያ የሚሆን የልጆች ዕቃ የሚልክ ማንኛውም ነጋዴ በ2008 የወጣውን የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ማሻሻያ ሕግ ማወቅ ይገባዋል። በዋናነት ለ12 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች ተብሎ የተሠራ ዕቃ በታወቀ ላቦራቶሪ ተመርምሮ የምስክር ወረቀት ሊኖረው ያስፈልጋል፤ በዕቃው ክፍል ውስጥ የሚገኘውም የእርሳስ ማዕድን መጠን ከ1 ሚሊዮን ክፍል 100 ክፍል መብለጥ የለበትም። ለሁሉም ዕድሜ የሚሆን የስፖርት ዕቃ ከዚህ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ በሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ዕድሜ ጌጥ ሳይሆን ግዴታን የሚያስከትል ቃል ነው።

አዲስ ሐሳብ ያገኘ ሠሪ ደግሞ የፓተንት መብቱን በጊዜው መጠየቅ አለበት። በአሜሪካ ሕግ አንድ ፈጣሪ ዕቃውን ለሕዝብ ካሳየ ወይም ከሸጠ በኋላ ማመልከቻውን ለማስገባት የአንድ ዓመት ጊዜ አለው፤ በአውሮፓ ግን አስቀድሞ ለሕዝብ የታየ ሐሳብ መብቱን ያጣል። በአንድ ውድድር ሜዳ ዳር ጥቂት መረቦች ዘርግቶ የሸጠ ሰው፣ ሳያውቀው የአውሮፓን በር በራሱ ላይ ዘግቶ ሊሆን ይችላል። የተፈቀደ መብት ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ እስከ 20 ዓመት ይቆያል።

ጉምሩክን በተመለከተ፣ የስፖርት ዕቃ በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ በቁጥር 9506 ሥር ይገኛል። ምንጣፍ ግን እንደ አሠራሩና እንደ ዓላማው እንደ ጎማ ወለል ልብስ ወይም እንደ ሰው ሠራሽ ሣር ምንጣፍ ሊቆጠር ስለሚችል፣ አስመጪው ከማዘዙ በፊት የአመዳደቡን ጉዳይ ከጉምሩክ ባለሙያ ጋር ቢመክር ከኋለኛው ክርክር ይድናል።

ከማዘዝ በፊት

ይህን የመሰለ ዕቃ፣ ወይም ሌላ ማንኛውንም ተንቀሳቃሽ የስፖርት ዕቃ፣ ለማዘዝ የሚያስብ ነጋዴ ናሙናውን በመልኩ ብቻ መመልከት አይበቃውም። ናሙናውን የሚጠቀምበት ዕድሜ ላለው ልጅ ሰጥቶ ያለ ሰው እርዳታ እንዲተክለው ማድረግና ደቂቃውን መቁጠር፣ ነቅሎም ወደ ከረጢቱ መመለስ መቻሉን ማየት ያስፈልጋል፤ በፋብሪካ የታጠፈ ዕቃ ሁለተኛ ወደ ከረጢቱ አልገባ የሚልበት ጊዜ ብዙ ነውና። ከዚያም ሳጥኑን በሜትር ለክቶ ኪራዩን ማስላት፣ መገጣጠሚያውን ደጋግሞ መፍታትና መግጠም፣ ቶሎ የሚያልቀው ክፍል የትኛው እንደሆነና መለዋወጫው ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ሠሪውን መጠየቅ ይገባል። ሠሪው ለዚህ መልስ ከሌለው፣ ዕቃው ገና በሜዳ አልተፈተነም ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ ትእዛዙን በጥቂት ፍሬ መጀመር ይሻላል።